«ሰማይ» በ35 ዶላር፦ ርካሹ የተማሪ ታብሌት ጥርጣሬ የማያጣው ለምንድን ነው?

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 5 ቀን 2011 ኒው ዴልሂ ላይ በተሰናዳ ሥነ ሥርዓት፣ ከህንድ የተለያዩ ግዛቶች የመጡ 500 ያህል ተማሪዎች አዲስ ታብሌት ተሰጣቸው። ስሙ «አካሽ» ይባላል፤ በህንድኛ «ሰማይ» ማለት ነው። የወቅቱ የሰው ሀብት ልማት ሚኒስትር ካፒል ሲባል በዓለም ላይ ከእሱ የሚረክስ ታብሌት እንደሌለ ተናገሩ። አይፓድ 500 ዶላር በሚሸጥበት በዚያ ዘመን የህንድ ተማሪ በ35 ዶላር የራሱን ታብሌት ይይዛል ተባለ።

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ሲባል እየሰማ ላደገ አንባቢ ስሙ ራሱ ፈገግ ያሰኛል። ህንዶቹ ግን ስሙን ያወጡት ለተስፋ ነው፤ ተስፋውም መሠረት አልነበረውም አይባልም። አንድ የመማሪያ መጽሐፍ ለሦስት ለአራት በሚዳረስበት ትምህርት ቤት፣ ሺህ መጽሐፍ የሚይዝ ሰሌዳ በአንድ ጥንድ ጫማ ዋጋ ቢገኝ ማን ይጠላል?

ያም ሆኖ አካሽ በተመረቀ በሦስትና በአራት ዓመት ውስጥ ከመድረክ ወረደ። ጥያቄው ግን አብሮት አልወረደም። ከታይላንድ እስከ ኬንያ፣ ከፔሩ እስከ ኢትዮጵያ፣ በየጥቂት ዓመቱ አንድ መንግሥት ወይም አንድ ድርጅት ርካሽ መሣሪያ ይዞ ብቅ ይላል፤ ተጠራጣሪዎቹም ያንኑ የድሮ ጥያቄ ያነሣሉ። ይህ ጽሑፍ ነገሩ ከየት እንደመጣ፣ ተጠራጣሪዎቹ ምን እንደሚሉ፣ ውጤቱ ሲለካ ምን እንደታየ፣ ተጠራጣሪዎቹ ራሳቸው የት ላይ እንደተሳሳቱም ያስረዳል።

ከ100 ወደ 35፣ ከ35 ወደ 10

ሐሳቡን በዓለም ያስተዋወቁት የኤም.አይ.ቲ. ፕሮፌሰሩ ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ ናቸው። በ2005 መጀመሪያ ዳቮስ ላይ ለድሃ ሀገር ልጆች የ100 ዶላር ላፕቶፕ እንደሚሠሩ አስታወቁ። ዕቅዱ «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» ተባለ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ከተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ከኮፊ አናን ጋር ሆነው ቱኒስ ላይ ናሙናውን ለዓለም አሳዩ። አረንጓዴ ነው፤ መብራት በሌለበት እያዞሩ ባትሪውን የሚሞሉበት ቢጫ መዘውር ከጎኑ ተገጥሞለታል። አናን መዘውሩን ሊያዞሩት ሲሞክሩ ተነቅሎ እጃቸው ላይ ቀረ እየተባለ እስከ ዛሬ ይተረካል። ላፕቶፑ በ2007 ተመርቶ ሲወጣ መዘውሩ አልነበረም፤ የ100 ዶላሩም ዋጋ አልነበረም። የአንዱ ዋጋ ወደ 190 ዶላር ተጠግቷል።

ህንድ ይህን ላፕቶፕ በ2006 አልቀበልም ብላ ነበር። የሀገሪቱ የትምህርት ባለሥልጣናት ያቀረቡት ምክንያት አጭር ነው፦ ትምህርታዊ ፋይዳው ያጠራጥራል፤ ከጌጠኛ መሣሪያ በፊት የሚያስፈልገን ክፍልና መምህር ነው። እነዚህ ባለሥልጣናት ያሉበት የሰው ሀብት ልማት ሚኒስቴር ግን ብዙ ሳይቆይ በራሱ መንገድ ወደዚያው ገበያ ገባ። በ2009 ቲሩፓቲ ከተማ ላይ «የ10 ዶላር ላፕቶፕ» ይቀርባል ተብሎ ዜናው በዓለም ከናኘ በኋላ፣ የቀረበው ላፕቶፕ ሳይሆን የመረጃ ማከማቻ ሳጥን ሆኖ ተገኘ። በጁላይ 2010 ደግሞ ሚኒስትር ሲባል የ35 ዶላር ታብሌት ናሙና ይዘው ብቅ አሉ፤ ዋጋውን ወደ 20፣ ከዚያም ወደ 10 ዶላር እናወርደዋለን አሉ።

የመጀመሪያው ጥርጣሬ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። ልብስ ሰፊ መጀመሪያ ሰውየውን ይለካል፣ ከዚያ ጨርቁን ይቆርጣል፣ በመጨረሻ ዋጋውን ይናገራል። እዚህ ግን ዋጋው አስቀድሞ በአደባባይ ተነገረ፤ ዕቃው በዋጋው ልክ ተሰፋ። ተማሪው እስኪለካ የጠበቀ አልነበረም።

35 ዶላር ምን ይገዛል?

የመጀመሪያውን አካሽ ቀረብ ብለን እንየው። ስክሪኑ 7 ኢንች ነው። ፕሮሰሰሩ 366 ሜጋኸርትዝ፣ ራሙ 256 ሜጋባይት፣ ማከማቻው 2 ጊጋባይት፤ የሚሠራው በአንድሮይድ 2.2 ነው። ቁጥሩ ለማይገባው ሰው እንዲህ ማለት ይቻላል፦ አንድ ገጽ ሲከፍት ያስጠብቃል፣ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ሲከፈትበት ይደናበራል፣ ባትሪው በደህናው ቀን ከሦስት ሰዓት አያልፍም። የትምህርት ቀን ግን ከሦስት ሰዓት ይረዝማል።

ከሁሉ በላይ ያስቸገረው ስክሪኑ ነበር። ዛሬ እጃችን ላይ ያለው ስልክ ጣት ገና ሲነካው ይሰማል፤ በጣት ውስጥ ያለችውን ጥቂት የኤሌክትሪክ ጠባይ ይለያታል። የአካሽ ስክሪን የተሠራው በሌላ ብልሃት ነው። ሁለት ስስ ሽፋኖች ተደራርበው ጣት ሲጫናቸው ይገናኛሉ፤ መሣሪያው የተነካበትን ቦታ የሚያውቀው ያኔ ነው። ይህኛው ዓይነት በብዙ ይረክሳል። ልጅ ግን ገጽ የሚገልጠው ዳበስ አድርጎ ነው። ዳበስ ሲያደርገው ዝም ይለዋል፤ ተናድዶ ጫን ሲለው ያልፈለገውን ይከፍትለታል። ጎልማሳ ሰው ትዕግሥቱን የሚያስጨርስ መሣሪያ ለሕፃን ማስተማሪያ ይሆናል ማለት ደፋርነት ነበር።

35 ዶላር የተባለውም ቢሆን የማምረቻው ዋጋ አልነበረም። አምራቹ ዳታዊንድ የተባለው ኩባንያ ለመንግሥት የሚያስረክበው በ50 ዶላር ገደማ ሲሆን፣ መንግሥት ከራሱ ደጉሞ ለተማሪው በ35 ሊያደርሰው ነበር የታሰበው። ዋጋው አልወደቀም፤ ከኪስ ወደ ኪስ ተዛወረ እንጂ። ይህች ነገር በርካሽ ታብሌት ታሪክ ውስጥ ደጋግማ የምትመጣ ናትና በልባችን እንያዛት።

ከምረቃው በኋላ ኩባንያውና መሣሪያውን እንዲፈትሽ ኃላፊነት የተሰጠው የራጃስታን የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተጣሉ። ኢንስቲትዩቱ ታብሌቱ ዝናብና ውድቀት የሚችል ይሁን አለ። ኩባንያው ደግሞ በዚህ ዋጋ የጦር ሠራዊት ዕቃ ጥንካሬ እየተጠየቅኩ ነው ሲል አማረረ። ነገሩን ለሚያስተውል ሁለቱም እውነት አላቸው። ተማሪ ዝናብ ያገኘዋል፣ ቦርሳውን ይወረውራል፣ ታናሽ ወንድሙ ይቀመጥበታል፤ ስለዚህ ዕቃው ጠንካራ መሆን አለበት። በዚያ ዋጋ ደግሞ ጠንካራ ዕቃ አይሠራም። ጠቡ የሁለት ተቋማት ቢመስልም ሲጣላ የነበረው ዋጋው ከልጁ ኑሮ ጋር ነው።

በ2012 ሥራው ወደ ቦምቤይ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተዛወረ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ፈጠን ያለ ፕሮሰሰርና ጣት የሚሰማ ስክሪን ያለው አካሽ 2 በፕሬዚዳንት ፕራናብ ሙከርጂ ተመረቀ፤ በወሩ መጨረሻም ኒው ዮርክ በሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት ጽሕፈት ቤት ዋና ጸሐፊው ባን ኪ ሙን በተገኙበት ቀረበ። በዚያው ሰሞን የህንድ ጋዜጦች ታብሌቱ ቻይና ተሠርቶ የመጣ ነው የሚል ዜና ይዘው ወጡ፤ ክርክሩ ከትምህርት ወደ ሀገር ኩራት ዞረ። የመጀመሪያው ትዕዛዝ 100,000 ታብሌት ነበር። ከ200 ሚሊዮን በላይ ተማሪ ላለባት ሀገር ይህ ጠብታ ነው፤ ጠብታዋም ከቀጠሮዋ ዘገየች። በ2014 መንግሥት ሲለወጥ ነገሩ ደብዝዞ ቀረ።

ያልተቆጠረው ወጪ

ባለፈው ክረምት የእህቴ ልጅ ታብሌት ስክሪኑ ተሰንጥቆ መገናኛ አካባቢ ወዳለ አንድ ጥገና ቤት ይዤው ሄድኩ። ለልጆች ተብሎ የሚሸጥ፣ ስሙ ብዙም የማይታወቅ ርካሽ ዕቃ ነው። ወጣቱ ጠጋኝ ጀርባውን በትንሿ ካቻቢቴ ፈልቅቆ ከፈተው። ባትሪውን በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አደረገው፤ አብጧል።

«ጋሼ፣ ስክሪኑ ከራሱ ከታብሌቱ ይወደዳል። ለዚህ ሞዴል ደግሞ መለዋወጫ አይመጣም» አለኝ። ጥቂት አሰብ አድርጎ፣ «ባይሆን ለዕቃ ይተዉልኝ» ሲል ጨመረ።

ይህ የሆነው አዲስ አበባ መሀል፣ ጥገና ቤት እንደ ሻይ ቤት በተደረደረበት ሰፈር ነው። ያው ታብሌት ከመኪና መንገድ ሁለት ሰዓት በእግር በሚርቅ ትምህርት ቤት ቢሰበር ምን ይሆናል? የተጠራጣሪዎቹ ሁለተኛ ክርክር ይህ ነው፦ ርካሽ ታብሌት ወጪውን አያጠፋውም፤ ከፋብሪካው ደጅ አንሥቶ ወደ ትምህርት ቤቱ፣ ወደ መምህሩና ወደ ወላጁ ደጅ ይወስደዋል።

መብራቱን እንቁጠር። 60 ተማሪ ያለበት ክፍል 60 ታብሌት ተሰጠው እንበል። አንዱ ሲሞላ 10 ዋት ያህል ይወስዳል፤ 60ው አንድ ላይ ሲሰኩ 600 ዋት ይሆናል። በገጠር ለአምፖልና ለስልክ ተብሎ የሚሸጠው ትንሹ ሶላር አቅሙ 10 ዋት ቢሆን ነው። እንግዲህ ለአንድ ክፍል ብቻ የዚያን 60 እጥፍ የሚያመነጭ ሶላር፣ ለደመናው ቀን የሚያጠራቅም ባትሪ፣ ማከፋፈያ፣ ሽቦ፣ የሚቆለፍ ክፍልና የጥበቃ ሠራተኛ ያስፈልጋል። መብራት ያለበት ትምህርት ቤትም ቢሆን ክፍሉ ያለችው አንድ ሶኬት ልትሆን ትችላለች፤ እሷም ያልላላች እንደሆነ ነው።

ከመብራቱ የሚብሰው ፊርማው ነው። በኛ ሀገር የመንግሥት ትምህርት ቤት ዕቃ በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል፣ በሞዴል 22 ወጪ ይደረጋል። የፈረመ ይጠየቃል። ስልሳ ታብሌት ፈርሞ የተረከበ መምህር አንዱ ቢጠፋ ከደመወዙ እንዳይቆረጥ ይሰጋል። ስለዚህ ማንም ብልህ ሰው የሚያደርገውን ያደርጋል፦ ቁም ሳጥን ውስጥ ይቆልፍባቸዋል፤ ጎብኚ ሲመጣ ያወጣቸዋል። ይህ የመምህሩ ስንፍና ተደርጎ ሲወራ እንሰማለን። መምህሩ ግን ሒሳብ የሠራ ሰው ነው። ዕቃው ቢሰበር ኪሳራው የእሱ፣ ቢሠራ ምስጋናው የሌላ ነው።

ሲለካስ?

ይህ ሁሉ ግምት ነው ለሚል ሰው ልኬቱ አለ። የአንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ ትልቋ ደንበኛ ፔሩ ነበረች፤ ከ800,000 በላይ ገዝታለች። የኢንተር አሜሪካ ልማት ባንክ ተመራማሪዎች በ2012 ባወጡት ጥናት 319 የገጠር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን ይዘው ላፕቶፕ ያገኙትን ካላገኙት ጋር አወዳደሩ። ከ15 ወር በኋላ በሒሳብም በቋንቋም ፈተና ልዩነት አልተገኘም። ልጆቹ ረቂቅ ነገርን በማገናዘብ ፈተና ጥቂት መሻሻል አሳይተዋል። ኮምፒውተሩን መነካካት ለምደዋል፤ ትምህርቱ ግን ባለበት ቆመ። መምህራኑ ላፕቶፑን ከዕለቱ ትምህርት ጋር የሚያያይዙበት በቂ ሥልጠና አልነበራቸውም፤ ኢንተርኔቱም የለም ማለት ይቀላል።

ታይላንድ ውስጥ ነገሩ የምርጫ ቃል ነበር። ዪንግላክ ሺናዋትራ በ2011 ለጠቅላይ ሚኒስትርነት ሲወዳደሩ ለአንደኛ ክፍል ተማሪዎች ታብሌት እንደሚሰጡ ቃል ገቡ፤ በ2012 ከቻይና አምራች አንዱ በ80 ዶላር ገደማ ሂሳብ ከ800,000 በላይ ታብሌት መታደል ጀመረ። በ2014 ወታደሮቹ ሥልጣን ሲይዙ ፕሮግራሙ ተሰረዘ። ታብሌቱን የያዘው ልጅ ገና ሦስተኛ ክፍል አካባቢ ነበር። የልጅ ትምህርት 12 ዓመት ይፈጃል፤ የምርጫ ቃል ዕድሜ ግን ከአንድ የሥልጣን ዘመን አያልፍም።

ኬንያም በ2013 ምርጫ ለአንደኛ ክፍል ልጆች ላፕቶፕ ተብሎ ቃል ተገባ። የመጀመሪያው ጨረታ በክርክር ተሰረዘ፤ ዕቃው ታብሌት ሆኖ ትምህርት ቤት መድረስ የጀመረው በ2016 ነው። እዚህ ላይ ለሚዛናዊነት መነገር ያለበት ነገር አለ። ታብሌቱ መብራት ይፈልጋልና መንግሥት ከ20,000 በላይ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ኤሌክትሪክ እንዲያገኙ ተሯሯጠ። ታብሌቱ ቢያረጅ እንኳ አምፖሉ ቀርቷል።

ኡራጓይ ደግሞ ብቻዋን የምትቆም ምሳሌ ናት። ከ2007 ጀምራ በሁለት ዓመት ውስጥ ለመንግሥት አንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ሁሉ ላፕቶፕ አዳረሰች። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በንባብና በሒሳብ የተለካ ለውጥ እሷም አላገኘችም። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ባደረገችው ነው። ጥገናውን የፕሮግራሙ አካል አደረገችው፣ ትምህርት ቤቶቹን በኢንተርኔት አገናኘች፣ እንግሊዝኛ መምህር በሌለበት በቪዲዮ ከሩቅ መምህር አቀረበች። ይህን ማድረግ የቻለችው ግን ትንሽ፣ ሜዳማና በአንጻሩ ባለጸጋ ሀገር ስለሆነች ጭምር ነው።

በዓለም ባንክና በእንግሊዝ መንግሥት ድጋፍ የተቋቋመ የምሁራን ቡድን በ2020 ለድሃ ሀገሮች የትምህርት ወጪ ደረጃ ሲያወጣ፣ ኮምፒውተርና ታብሌትን ብቻውን መግዛት «መጥፎ ግዥ» ከሚባሉት ተርታ አሰለፈው። «ብቻውን» የምትለውን ቃል ልብ ይሏል።

ወንጪና ወለንጪቲ

ኢትዮጵያ በዚህ ታሪክ ውስጥ የዳር ተመልካች አይደለችም። በ1997 ዓ.ም. የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት በሚተላለፍ ፕላዝማ ቴሌቪዥን መሰጠት ሲጀምር፣ ደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀ ትምህርት በእንግሊዝኛ ከስክሪኑ ይፈስ ነበር። መምህሩ በመግቢያና በመውጫ ላይ ጥቂት ደቂቃ ነበረው። በዚያ ዘመን የተማረ ሁሉ ያስታውሰዋል፤ ፕላዝማው ጥያቄ ይጠይቃል፣ «መልሱ ይህ ነው» ይላል፣ ያልጨረሰውን ተማሪ ትቶ ያልፋል። መብራት ሲሄድ ትምህርቱ ይሄዳል፤ መብራት ሲመጣ ግን ትምህርቱ አይመለስም። ከፕላዝማው ጥቂት ዓመት በኋላ የኔግሮፖንቴ ላፕቶፕም ወደ 6,000 ገደማ መጥቶ ለጥቂት ትምህርት ቤቶች ታድሏል።

ዓለምን ያስገረመው ግን በ2012 እ.ኤ.አ. የተደረገው ሙከራ ነው። የኔግሮፖንቴ ድርጅት ሁለት መንደሮችን መረጠ፤ አንዱ በሐይቁ ከሚታወቀው ወንጪ፣ ሌላው በስምጥ ሸለቆው ወለንጪቲ። በእያንዳንዱ መንደር ወደ 20 ለሚጠጉ፣ ትምህርት ቤት ላልገቡ ሕፃናት ታብሌቶች በታሸገ ካርቶን ተሰጡ። አስተማሪም መመሪያም የለም። ትልልቆቹ ሰዎች በሶላር እንዴት እንደሚሞላ ብቻ ተነገራቸው። ኔግሮፖንቴ በኋላ ሲናገሩ፣ አንድ ልጅ በአራት ደቂቃ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን እንዳገኘ፣ በሁለት ሳምንት ልጆቹ የእንግሊዝኛ ፊደል መዝሙር እንደዘመሩ፣ በአምስት ወር ደግሞ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ መላ ፈልገው እንደከፈቱት አስረዱ። ዜናው «የኢትዮጵያ ሕፃናት አንድሮይድን ሰበሩ» ተብሎ ተሠራጨ።

ወሬው እውነት ነው፤ ልጆቹም ጎበዞች ናቸው። ሆኖም ተጠራጣሪዎቹ ጠጋ ብለው ሲያዩት ሦስት ነገር አስተዋሉ። አንደኛ፣ ልጆቹ በቤታቸው የሚናገሩት ኦሮምኛ ሲሆን ታብሌቱ ግን ሲያስተምራቸው የነበረው በእንግሊዝኛ ነው። መዝሙሩን መዘመርና ማንበብ መቻል ይለያያሉ። ሁለተኛ፣ ታብሌቱ ርካሽ አልነበረም፤ ሞቶሮላ ዙም ነው፣ ለገበያ ሲወጣ ከ500 ዶላር በላይ ይሸጥ የነበረ። በውድ ዕቃ የተገኘ ውጤት ለርካሽ ዕቃ ማስረጃ ሊሆን አይችልም። ሦስተኛ፣ «ማንም አላገዛቸውም» ቢባልም፣ በየሳምንቱ እየመጣ ሚሞሪ ካርዱን የሚቀይርና መሣሪያዎቹን የሚያይ ባለሙያ ነበር። የዚያ ሰው አበልና የመኪና ነዳጅ በታብሌቱ ዋጋ ላይ አልተጻፈም።

በሀገር ቤት ሌላም ትምህርት አግኝተናል። በኮቪድ ምክንያት የተራዘመው የ2012 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በታብሌት ሊሰጥ ታቅዶ ነበር። ታብሌቶቹ በጊዜው ባለመድረሳቸው ተፈታኞቹ በ2013 ዓ.ም. በወረቀት ተፈተኑ። እርሳሱ ቻርጀር አላስፈለገውም።

ጥርጣሬውም ይጠርጠር

እስከዚህ ያነበበ ሰው ታብሌት ለድሃ ተማሪ ከንቱ ነው ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም፤ ግን ይሳሳታል።

የወንጪውን ሙከራ ከመሩት አንዱ የነበሩት ማት ኬለር፣ በኋላ የ15 ሚሊዮን ዶላር የ«ኤክስፕራይዝ» የትምህርት ውድድርን መርተዋል። ውድድሩ የተካሄደው ታንዛኒያ፣ ታንጋ ክልል ውስጥ ነው። ከ2017 እስከ 2019 በ170 ገደማ መንደሮች ወደ 2,700 ለሚጠጉ ልጆች ታብሌት ተሰጠ። ከወንጪ የተገኘው ትምህርት እዚህ ይታያል፤ የሚማሩበት ቋንቋ የራሳቸው ስዋሂሊ ነው። ታብሌቱን በሶላር የሚያስሞሉና የሚጠብቁ እናቶች በየመንደሩ ተመድበዋል። ሙከራው ሲጀመር ከአሥሩ ዘጠኙ አንዲት የስዋሂሊ ቃል ማንበብ አይችሉም ነበር፤ ከ15 ወር በኋላ የማይችሉት ቁጥር በግማሽ ገደማ ወረደ። ትምህርት ቤት ላልደረሰው ልጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከሁለቱ አሸናፊዎች አንዱ የሆነው የእንግሊዙ «ዋንቢሊየን» ሥራ ማላዊ ውስጥም በቺቼዋ ቋንቋ ቀጥሏል፤ እዚያ ታብሌቱ የልጁ የግል ንብረት አይደለም። ትምህርት ቤቱ ውስጥ በሶላር እየተሞላ ተማሪዎች በተራ፣ በቀን ለአጭር ጊዜ ይጠቀሙበታል።

አካሽ በተመረቀባት በዴልሂ ከተማም ሌላ ማስረጃ ተገኝቷል። «ማይንድስፓርክ» የተባለ ፕሮግራም የእያንዳንዱን ልጅ ደረጃ ይለካና ከዚያው ይጀምራል። ሰባተኛ ክፍል የተቀመጠ ልጅ ሒሳቡ አራተኛ ክፍል ከሆነ ከአራተኛው ይነሣል። ተመራማሪው ካርቲክ ሙራሊድሃራንና ባልደረቦቹ በ2019 ባሳተሙት ጥናት፣ በዕጣ የደረሳቸው ልጆች በአራት ወር ተኩል ውስጥ በሒሳብም በህንድኛም ካልደረሳቸው ልጆች ጉልህ በሆነ ልዩነት ቀድመዋል። ልጆቹ የተማሩት ግን ኮምፒውተር ተሸክመው ወደ ቤት በመሄድ ሳይሆን ከትምህርት ሰዓት በኋላ ወደ ማዕከል እየመጡ፣ ረዳት አስተማሪ ባለበት ነው።

እዚህ ላይ ከተጠራጣሪዎቹ አንዳንዶቹ የሚስቱት ነገር ግልጽ ይሆናል። «መጀመሪያ መምህር፣ መጀመሪያ መጽሐፍ፣ ታብሌቱ ይቆይ» የሚለው ክርክር ሲሰማ ጨዋ ይመስላል። ነገር ግን መምህሩ 80 ተማሪ ይዞ የእያንዳንዱን ደረጃ ሊያውቅ አይችልም፤ መጽሐፉም በልጁ ደረጃ ራሱን አያስተካክልም። በደንብ የተሠራ ፕሮግራም ይህን ማድረግ ይችላል። ጥርጣሬው ተገቢ የሚሆነው ዕቃውን ሳይሆን ዕቃው ብቻውን ይበቃል የሚለውን እምነት ሲመታ ነው።

ጥያቄው አሁን የት ደረሰ?

የታብሌቱ ዋጋ ዛሬ እንደ 2011ዱ አያከራክርም። በ50 እና በ60 ዶላር ከአካሽ እጅግ የተሻለ መሣሪያ ገበያ ላይ አለ፤ መንግሥት አምራች ሆኖ መወዳደሩም ትርጉም አጥቷል። ክርክሩ የዞረው ዋጋው ላይ ወዳልተጻፈው ነገር ነው፦ ልጁ በሚያልምበት ቋንቋ የተሠራ ትምህርት አለ ወይ? ቢሰበር የሚጠየቀው ማን ነው? ባትሪው በሁለት ዓመት ሲደክም የማስቀየሪያው በጀት በየትኛው መደብ ተይዟል? መምህሩ ሳይፈራ ከቁም ሳጥን የሚያወጣው ምን ዓይነት የንብረት አያያዝ ሲኖር ነው?

ተሳካ የተባለውን ሙከራ ሁሉ ጠጋ ብሎ ያየ ከታብሌቱ አጠገብ ሰው ያገኛል። ታንጋ ላይ ታብሌት የሚያስሞሉት እናቶች አሉ፤ ዴልሂ ላይ ረዳት አስተማሪው፤ ኡራጓይ ላይ ጠጋኙ። ማንም አላገዛቸውም በተባሉት የወንጪ ሕፃናት ዘንድ እንኳ ሚሞሪ ካርድ በኪሱ ይዞ አቀበቱን የሚወጣ አንድ ሰው ነበር። ርካሽ ታብሌት የረከሰው እነዚህን ሰዎች ከሒሳቡ ስላወጣ ነው።

ስለዚህ ወደፊት አንድ ባለሥልጣን መድረክ ላይ ቆሞ ታብሌት ከፍ አድርጎ ሲያሳይ፣ ዋጋውን አስቀድሞ ይናገራልና ዋጋውን መጠየቅ አያሻም። የሚጠየቀው፣ በየሳምንቱ ትምህርት ቤቱ ድረስ የሚመጣው ሰው ማን እንደሆነና ደመወዙን ማን እንደሚከፍለው ነው።